ውሃና መድኃኒት፤ የደም ግፊት መድኃኒት በእንስሳት ኵላሊት ላይ ስለሚሠራው ሥራ

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር የሚኖር ገበሬ በዓል ደርሶ በሬ ወይም በግ ባረደ ጊዜ ኵላሊትን በዓይኑ አይቶ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። የበሬው ኵላሊት ብዙ ጕብጕብ ያለበትና ፍሬ በፍሬ ላይ የተደረደረ የሚመስል ሲሆን፣ የበጉና የፍየሉ ግን ልሙጥና የባቄላ ቅርጽ ያለው ነው። መልኩ ይለያይ እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ ይኸውም ደምን እያጣራ የማይረባውን በሽንት ማውጣት፣ የሚረባውን ወደ ሰውነት መመለስ ነው። ኵላሊት የደከመበት ፍጥረት፣ ሰውም ቢሆን ከብትም ቢሆን፣ በገዛ ደሙ ተመርዞ ይሞታል።

የደም ግፊት ሕመም ዛሬ የከተማ ሰው ብቻ ሕመም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ዓመት ከሆኑት ሰዎች መካከል 1.28 ቢሊዮን የሚሆኑት ይህ ሕመም እንዳለባቸውና፣ ከነዚህም ግማሽ የሚጠጉት ሕመሙ እንዳለባቸው እንኳ እንደማያውቁ አስታውቋል። መድኃኒቱም በሆስፒታልና በጤና ጣቢያ እየተሰጠ ወደ ገጠር ደርሷል። የእርሻና የከብት ጕዳይ የተሰጣቸው ሹማምንት ይህን ነገር የሐኪም ሥራ ነው ብለው እንዳይተዉት የሚያስፈልገው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ስለዚህ መድኃኒት ከታወቀው ነገር ብዙው አስቀድሞ የተገኘው ከጥንቸል፣ ከውሻ፣ ከአይጥና ከበግ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ የተገኘው ትምህርት ዛሬ በገበሬው በረት ለሚሰጠው መድኃኒት ሁሉ የሚያገለግል ስለ ሆነ ነው። ትምህርቱም በአጭሩ ይህ ነው፤ ውሃ የጠገበውን ሰውነት ኵላሊት የሚጠብቀው መድኃኒት፣ የተጠማውን ሰውነት ኵላሊት ሊያጠፋው ይችላል።

ስለ ኵላሊት አሠራር

ልብ ከሚረጨው ደም አምስት እጅ አንዱ የሚሄደው ወደ ሁለቱ ኵላሊቶች ነው። በአንድ የሰው ኵላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ። በነዚህ ማጣሪያዎች በቀንና በሌሊት የሚጣራው ውሃ 180 ሊትር ያህል ሲሆን፣ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ነው፤ የቀረው ሁሉ ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

የእያንዳንዱ ማጣሪያ አሠራር መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ በቀላሉ የሚገባው ነው። ውሃ ወደ መደብ የሚገባበት በር አለ፤ የሚወጣበትም በር አለ። መግቢያው ሰፍቶ መውጫው ሲጠብ ውሃው በመደቡ ላይ ይቆማል፣ ወደ መሬትም ይሰርጋል። መውጫው ወለል ብሎ ሲከፈት ግን ውሃው ሳይሰርግ ያልፋል። እንዲሁም በኵላሊት ማጣሪያ ግራና ቀኝ የደም መግቢያና የደም መውጫ ቀጭን ሥሮች አሉ፤ ደም የሚጣራው በሁለቱ መካከል በሚቆመው ግፊት ኀይል ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ማጣሪያው ይቀደዳል፣ ይጠነክራል፣ በመጨረሻም ጠባሳ ይሆናል፤ ከልክ ሲያንስ ደግሞ ማጣራት ይቆማል።

ይህን ግፊት የሚያስተካክለው ራሱ ኵላሊት ነው። ሰውነት ውሃ ወይም ጨው ባጣ ጊዜ፣ ደምም በቀነሰ ጊዜ፣ ኵላሊት ሬኒን የሚባል ነገር ወደ ደም ይልካል፤ ከዚህም የተነሣ አንጂዮቴንሲን የሚባል ብርቱ ነገር ይፈጠራል። አንጂዮቴንሲን የደም ሥሮችን ያጠብባል፣ ይልቁንም የማጣሪያውን መውጫ በር ያጠብባል፤ ጨውም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋል። የደጋ ሣር ሶዲየም የሚያንሰው በመሆኑ ከብት ጨው ሲያይ እንዴት እንደሚሻማ እረኛ ሁሉ ያውቃል፤ አሞሌ ከአፋር ቆላ ተጭኖ እስከ ጎጃም ገበያ ይመጣ የነበረውም ሰውም ከብትም ጨውን ስለሚሹ ነው። እንግዲህ ሬኒንና አንጂዮቴንሲን ጨውና ውሃ በሚጎድልበት ጊዜ ፍጥረትን በሕይወት የሚያቆዩ ዘበኞች ናቸው።

ሊቃውንት ከእንስሳት ስላገኙት ዕውቀት

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. በስዊድን አገር፣ በስቶክሆልም ከተማ፣ ሮበርት ቲገርስቴትና ፔር ቤርግማን የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት የጥንቸልን ኵላሊት ጨምቀው ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም ውስጥ ቢያገቡት የጥንቸሉ የደም ግፊት ከፍ አለ። ሬኒን የሚለውንም ስም ያወጡለት እነዚሁ ናቸው። ነገሩ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው እስከ 1934 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ዓመት በአሜሪካ፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ሃሪ ጎልድብላት የሚባለው ሐኪም ወደ ውሻ ኵላሊት የሚገባውን የደም ሥር በትንሽ የብር መቈንጠጫ አጠበበው፤ ከዚህም በኋላ የውሻው የደም ግፊት ከፍ ብሎ ቆየ። በዚህ ፈተና ኵላሊት በግፊት የሚጎዳ ብቻ ሳይሆን፣ ደም ሲያጥረው ራሱ ግፊትን የሚያስነሣ መሆኑ ተገለጠ።

መድኃኒቱ የተገኘበት መንገድም ከእንስሳ የመጣ ነው። በብራዚል አገር ጃራራካ የምትባል መርዘኛ እባብ አለች። በ1960ዎቹ ዓመታት ሰርዢዮ ፌሬራ የሚባለው የብራዚል ሊቅ በዚህች እባብ መርዝ ውስጥ የደም ሥርን የሚያላላ ነገር ኀይሉን የሚጨምርለት ነገር አገኘ፤ ይህም አንጂዮቴንሲን እንዳይፈጠር የሚከለክል ሆኖ ተገኘ። ከዚህ ተነሥተው ዴቪድ ከሽማንና ሚጌል ኦንዴቲ የሚባሉ ሰዎች በአሜሪካ ካፕቶፕሪል የሚባለውን እንክብል ሠሩ፤ በ1981 ዓ.ም. ለሕመምተኛ እንዲሰጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የሚባለው መድኃኒት የዚሁ ወገን ነው።

መድኃኒቱ ኵላሊትን ስለሚጠብቅበት ጊዜ

በ1980ዎቹ አጋማሽ በቦስተን ከተማ ባሪ ብሬነርና ባልደረቦቹ የአይጦችን አብዛኛውን የኵላሊት ክፍል ቈርጠው አወጡ። የቀረችው ጥቂት ክፍል የሁሉን ሥራ ስለ ተሸከመች በማጣሪያዎቿ ውስጥ ግፊት በዛ፤ ማጣሪያዎቹም እየጠነከሩ ጠፉ። ሊቃውንቱ ከአይጦቹ ለአንዱ ወገን ኢናላፕሪልን ሰጡ፤ ለሌላው ወገን ሦስት ሌሎች የደም ግፊት መድኃኒቶችን በአንድነት ሰጡ። በሁለቱም ወገን የሰውነት የደም ግፊት በአንድ ዓይነት ወረደ። ሆኖም በሦስቱ መድኃኒቶች የታከሙት አይጦች በኵላሊታቸው ማጣሪያ ውስጥ ያለው ግፊት ስላልወረደ ኵላሊታቸው ተበላሸ፤ ኢናላፕሪል የተሰጣቸው ግን የመውጫው በር ስለ ላላላቸው ማጣሪያቸው ዳነ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ትልቅ ነው። በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ የሚለካው ግፊት አንድ ነገር ነው፤ በኵላሊት ውስጥ ያለው ግፊት ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንዱን መድኃኒት በሌላው ለመለወጥ የሚገባው ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። በ1993 ዓ.ም. ደግሞ የስኳር ሕመም ኵላሊታቸውን የጎዳባቸው 409 ሰዎች በካፕቶፕሪል ተፈትነው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ኵላሊት ካልወሰዱት ይልቅ ዘግይቶ እንደሚደክም ታወቀ። በአይጥ የታየው በሰውም እውነት ሆነ። ዛሬ በውጭ አገር የኵላሊት ሕመም ላለባቸው ድመቶችና ውሾች የእንስሳት ሐኪሞች ከዚሁ ወገን የሆነውን ቤናዜፕሪልን ይሰጣሉ፤ የድመትን የደም ግፊት ለማውረድም አምሎዲፒን የሚባለውን መድኃኒት ይጠቀማሉ።

መድኃኒቱ ኵላሊትን ስለሚጎዳበት ጊዜ

ከላይ እንደ ተነገረው አንጂዮቴንሲን የጥማት ጊዜ ዘበኛ ነው። ጨውና ውሃ የጎደለበት ውሻ፣ ወይም የሁለቱም ኵላሊት የደም ሥር የጠበበበት ውሻ፣ ኵላሊቱ የሚያጣራው መውጫውን በር አጥብቦ በመያዝ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አንጂዮቴንሲንን የሚከለክል መድኃኒት ቢሰጠው በሩ ይከፈታል፤ በማጣሪያው ላይ የቀረው ጥቂት ግፊትም ይወድቃል፤ ሽንት ይቀንሳል፣ በደም ውስጥ ቈሻሻ ይከማቻል፣ ፖታሲየም የሚባለውም ጨው በዝቶ ልብን ያውካል። በሰውም እንዲሁ ሆኖ ታይቷል።

ጕዳቱ ከሁሉ የሚከፋው ሦስት ዓይነት መድኃኒቶች በአንድ ሰውነት ላይ ሲገናኙ ነው። የመጀመሪያው ከኢናላፕሪል ወገን የሆነው ነው፤ እርሱ መውጫውን በር ያላላል። ሁለተኛው ሽንት የሚያበዛው ነው፤ እንደ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና እንደ ፉሮሴማይድ ያለው፣ እርሱ ውሃውን ከሰውነት ያወጣል። ሦስተኛው የሕመም ማስታገሻው ነው፤ እንደ ዳይክሎፌናክና እንደ ኢቡፕሮፌን ያለው፣ እርሱ የመግቢያውን በር ያጠብባል። መግቢያው ጠቦ፣ መውጫው ላልቶ፣ ውሃውም አንሶ ከተገናኙ መደቡ ይደርቃል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሐኪም አስቦበት ባንድነት ሊያዝዛቸው ይችላል፤ ሦስተኛውን ግን ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ራሱ ለወገብና ለጕልበት ሕመም ብሎ ከገበያ ገዝቶ ይጨምርበታል።

በቢቸናና በሞጣ አገር ይህ ነገር በሦስት ጊዜ ተለይቶ ይታሰብ። አንደኛ፣ በበጋ ወራት ገበሬ በፀሐይ ሲያጭድና ሲወቃ ላብ ውሃውን ይወስድበታል። ሁለተኛ፣ ተቅማጥና ትውከት በያዘ ጊዜ ሰውነት በአንድ ቀን ይደርቃል። ሦስተኛ፣ በጾም ወራት ምእመናን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በኋላ ውሃ ሳይቀምሱ ይውላሉ። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ጋር ቢመካከር፣ ተቅማጥ በያዘውም ቀን ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ የሚወስደውን መድኃኒት ቢናገር፣ ከብዙ ጕዳት ይድናል።

ሆኖም ማንም ሰው ይህን ሰምቶ ፈርቶ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ እንዳይተው በብርቱ ይነገረው። ያልታከመ የደም ግፊት ራሱ ከዋናዎቹ የኵላሊት አጥፊዎች አንዱ ነው። ኢናላፕሪል በተጀመረ ጊዜ በደም ምርመራ የሚታየው ክሬአቲኒን የሚባለው የኵላሊት ምልክት እስከ 30 በመቶ ቢጨምር፣ ይህ ብቻውን መድኃኒቱን ለማቋረጥ ምክንያት እንደማይሆን ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ምክንያቱ ይመረመራል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን መተው ሳይሆን ደምን ማስመርመር ነው።

ስለ እርጉዝ እንስሳት

በ1980 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ካፕቶፕሪል ለእርጉዝ በጎችና ለእርጉዝ ጥንቸሎች ተሰጥቶ፣ ብዙዎቹ ግልገሎች በሆድ ሳሉ እንደ ሞቱ ተገለጠ። እናቲቱ ጤነኛ መስላ ሳለች የጕዳቱ ተቀባይ ግልገሉ ነበር። ምክንያቱም በሆድ ያለው ፅንስ የሚዋኝበት የእንሽርት ውሃ በአብዛኛው የሚገኘው ከፅንሱ ከራሱ ሽንት ስለ ሆነ፣ የፅንሱ ኵላሊት ማጣራት ሲያቆም ውሃው ይደርቃል። በበግ የታየው ማስጠንቀቂያ በኋላ በሴቶችም እውነት ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ዛሬ ይህ ወገን መድኃኒት ለእርጉዝ ሴት አይሰጥም። መድኃኒቱን የምትወስድ ሴት ብታረግዝ፣ ወይም ለማርገዝ ብታስብ፣ ሳትዘገይ ለሐኪም ልትነግር ይገባታል፤ ሐኪሙም በሌላ ይለውጥላታል።

ስለ አገር ዕፀዋት

በደጋ የሚበቅለውን ጦስኝን፣ በጋሞና በኮንሶ አገር የሚተከለውን ሺፈራውን፣ እንዲሁም ነጭ ሽንኵርትን ለደም ግፊት ብሎ የሚጠጣና የሚበላ ሰው ብዙ ነው። ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም የጦስኝንና የሺፈራውን ቅጠል ጭማቂ በላቦራቶሪ እንስሳት ፈትነው ግፊትን የማውረድ ኀይል እንዳለው ተመልክተዋል፤ ጦስኝም በአይጥ ላይ ሽንት የማብዛት ጠባይ እንዳለው ታይቷል። ስለዚህ የአባቶችን ዕውቀት ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ነገር ግን ሽንት የሚያበዛ ቅጠል ሽንት ከሚያበዛ እንክብል ጋር በአንድነት ሲወሰድ ውሃ በሁለት መንገድ ይፈስሳል። በስኒ የሚቀዳ መድኃኒት መጠኑ ከቀን ወደ ቀን ይለያያል፤ እንክብል ግን በሚዛን የተሠራ ነው። ሁለቱን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳያፍርና ሳይደብቅ ይንገር፤ ሐኪሙም የነገረውን ሰው አይቈጣ።

ለገበሬው ከብት ስለሚሆን ጥንቃቄ

በገበሬው በረት የደም ግፊት መድኃኒት አይሰጥም። ነገር ግን ከእንስሳት ፈተና የተገኘው ሕግ፣ ማለት የተጠማ ኵላሊት መድኃኒት መሸከም አይችልም የሚለው፣ በበሬና በበቅሎ ላይ በየቀኑ የሚሠራ ሕግ ነው። ስትሬፕቶማይሲንና ጄንታማይሲን የሚባሉት ፀረ ተዋስያን መድኃኒቶች በኵላሊት ላይ ይከማቻሉ፤ ኦክሲቴትራሳይክሊንም ከልክ በላይ ሲሰጥ ኵላሊትን ይጎዳል። የሕመም ማስታገሻዎችም እንደዚሁ ናቸው። ውሃ የጠገበ በሬ እነዚህን በልኩ ቢወስድ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ በግንቦት ፀሐይ ወንዝ ፍለጋ ሲንከራተት የዋለ፣ ወይም በተቅማጥ የደረቀ ከብት ግን ከበሽታው ሳይሆን ከመድኃኒቱ ሊሞት ይችላል። ባለቤቱም መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ሁለተኛ መርፌ ያስወጋዋል፤ ይህም ጥፋቱን ያፋጥነዋል።

ከብት ውሃ የጎደለው መሆኑን ለማወቅ የረቀቀ መሣሪያ አያስፈልግም። ዓይኑ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድዱ ይደርቃል፤ የአንገቱ ቆዳ ተቈንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ሽንቱም ያንሳል፣ መልኩም ይጠቍራል። እንደዚህ ያለው ከብት አስቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ መጠጣት ያልቻለ እንደ ሆነ የእንስሳት ሐኪም ውሃ በደም ሥሩ እንዲሰጠው ይደረግ፤ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይከተል።

ሌላም ነገር አለ። እነ ስትሬፕቶማይሲን ከሥጋ ይልቅ በኵላሊት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቆያሉ። መርፌ የተወጋው በሬ ለበዓል ቢታረድ መድኃኒቱን የሚበላው ኵላሊቱን የሚበላው ሰው ነው። ስለዚህ በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይፈጸም ከብቱ እንዳይታረድ፣ ወተቱም እንዳይጠጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከሹማምንትና ከከብት ባለቤቶች የሚጠበቅ ሥራ

የሰው ኵላሊት ፈጽሞ በደከመ ጊዜ ደሙ በመሣሪያ እየታጠበ ሊኖር ይችላል። ይህ ግን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚደረግ፣ በትልልቅ ከተሞች የሚገኝ፣ ገንዘብም የሚጨርስ ነገር ስለ ሆነ፣ ከቢቸናና ከሞጣ ገጠር ለሚነሣ ገበሬ ከባድ ነው። ለበሬ ደግሞ ይህ መሣሪያ የለም፤ በሬው የሞተበት ገበሬም ዘር መዝሪያው ሲደርስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የሚሻለው መጠበቅ ነው፤ ለመጠበቅም የሚከተሉት ቢደረጉ ይበቃል።

1ኛ፤ በየቀበሌው ያለው የከብት ውሃ መጠጫ ከበጋው መግቢያ አስቀድሞ ይጠረግ፣ ይጠገን። ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት እርሱ ነው።

2ኛ፤ የከብት መድኃኒት በገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ በፀሐይ ተመትቶ እንዳይሸጥ ሹማምንት ይቈጣጠሩ፤ ገበሬውም የከብቱን ክብደት ገምቶ ልኩን ከሚሰጠው የእንስሳት ሐኪም ይግዛ።

3ኛ፤ ለሰው የታዘዘ እንክብል ለከብት፣ ለከብት የታዘዘውም ለሰው እንዳይሰጥ በስብሰባና በገበያ ቀን ይነገር።

4ኛ፤ የጤና ባለሙያውና የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ወረዳ ሳሉ እንደ ባዕድ እንዳይተያዩ፣ ሹማምንት በየጊዜው ያገናኙአቸው። አንዱ በሰው፣ ሌላው በከብት የሚያየው ጕዳት ብዙ ጊዜ ከአንድ ምንጭ የሚነሣ ነውና።

5ኛ፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግፊቱን ብቻ ሳይሆን የኵላሊቱን ምርመራ ሐኪሙ በወሰነለት ቀን እንዲያስደርግ ይመከር፤ መንገድ ለራቀበትም ቤተ ዘመድና ጎረቤት ይርዱት።

6ኛ፤ ካህናት፣ ሽማግሌዎችና አስተማሪዎች ስለ ጾምና ስለ መድኃኒት፣ ስለ እርጉዝ ሴትና ስለ መድኃኒት ሕዝቡን እንዲያስተምሩ ይለመኑ፤ ገበሬ ከሹም ቃል ይልቅ የነርሱን ቃል ፈጥኖ ይቀበላልና።

በዚህ ሁሉ ከሹማምንት የሚፈለገው ኵላሊትን ማከም አይደለም። የሚፈለገው መድኃኒት ከውሃ በፊት እንዳይቀድም መጠበቅ ነው። የጥንቸሉ፣ የውሻው፣ የአይጧና የበጊቱ ፈተና ለሰው ልጅ ያስተማረው ይህን ነው፤ ይህን ያወቀ ሹምም የገበሬውን በሬና ራሱን ገበሬውን ከአንድ ጥፋት ያድናል።